አዳማ ላይ የቀጥታ ሙዚቃ ቤት መክፈት ያዋጣል ወይ? ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዳማ ውስጥ ከዋናው መንገድ ብዙም ያልራቀ፣ 250 ሰው የሚይዝ አዳራሽ በወር 180,000 ብር ለመከራየት ተነጋግረዋል፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋሉ። ከወንድማቸውና ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ያዋጡት 7 ሚሊዮን ብር አለ። ሰባት ሙዚቀኞችና ሁለት ድምፃውያን ያሉት ባንድ በወር 400,000 ብር ተከፍሎት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንዲጫወት፣ መግቢያውም 200 ብር እንዲሆን አስበዋል። አንድ እንግዳ በአማካይ የ800 ብር ምግብና መጠጥ ይጠቀማል ብለው ስለገመቱ፣ በአንድ ምሽት 250,000 ብር፣ በወር በ26 ምሽት ደግሞ 6.5 ሚሊዮን ብር ገቢ አስልተዋል። «ቤተሰብ አትግባበት ይለኛል፣ ጓደኞቼ ደግሞ ምን ትጠብቃለህ ይሉኛል፤ እውነት ያዋጣል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ባቀረቡት መልክ አያዋጣም። ቅርጹ ከተለወጠ ግን በጠባብ ልዩነት ሊያዋጣ ይችላል፤ ያንን ልዩነት የሚወስነውም ቅዳሜ ማታ አዳራሹ መሙላቱ ሳይሆን በሳምንቱ መካከል ባሉት ምሽቶች ማን መጥቶ እራት እንደሚበላ ነው። እንዲህ ያልኩበትን ምክንያት በቁጥር አሳያለሁ። ከምጠቀምባቸው አኃዞች ከፊሎቹ እርስዎ የሰጡኝ ሲሆኑ ከፊሎቹ ለስሌት ያህል የያዝኳቸው ግምቶች ስለሆኑ፣ በእጅዎ የተጻፈ የዋጋ ማቅረቢያ ባለበት ሁሉ የእኔን ግምት አውጥተው በእሱ ይተኩት።

ከአንድ እንግዳ እንጀምር። መግቢያውና መስተንግዶው ተደምሮ 1,000 ብር ከፈለ እንበል። በዚህ ዋጋ ውስጥ የተካተተው የ15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 130 ብር ገደማ ነው፤ እሱ የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ለቤቱ የሚቀረው 870 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 174 ብሩ የመግቢያ፣ 696 ብሩ የምግብና የመጠጥ ነው። ቢራው፣ ሥጋው፣ ዘይቱ፣ የሚሰበረው ብርጭቆ፣ ሳይሸጥ የሚበላሸው ምግብና ባንኮኒው ላይ ሳይመዘገብ የሚቀረው መጠጥ ተደምሮ ከመስተንግዶው ገቢ 45 ከመቶውን ይወስዳል ብንል 313 ብር ይሄዳል። እንግዲህ ኪራዩንም፣ ባንዱንም፣ አስተናጋጁንም የሚሸከመው ከአንድ ሰው የሚተርፈው 556 ብር ገደማ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ስሌትዎን የሠሩት በ1,000 ብሩ ነው።

ወርኃዊ ቋሚ ወጪውን ደግሞ እንደምረው። ኪራይ 180,000 እና ባንድ 400,000 ብር የእርስዎ አኃዞች ናቸው። ለአስተናጋጅ፣ ለወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ለገንዘብ ያዥ፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለድምፅ ባለሙያ 200,000፤ ለመብራት፣ ለውኃና ለጄኔሬተር ናፍጣ 60,000፤ ለድምፅ መሣሪያ ጥገናና መተኪያ 60,000፤ ለሂሳብ ሠራተኛ፣ ለማስታወቂያና ለልዩ ልዩ 40,000 ብር ልያዝ። በየቅዳሜው ከአዲስ አበባ ስም ያለው ድምፃዊ ለአንድ ምሽት በ65,000 ብር ቢጋብዙ በወር 260,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። ይህን ለ556 ሲያካፍሉት በወር 2,158 ሰው፣ በአንድ ምሽት 83 ሰው ያህል ያስፈልግዎታል ማለት ነው፤ ይህም ያወጡት ካፒታል ተመላሽ ሳይታሰብ ገና የማያተርፉበትና የማይከስሩበት ነጥብ ነው።

83 ሰው ከአዳራሹ ሲሶ ብቻ ስለሆነ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አማካይ ቁጥር የቅዳሜን ብዛት ለማክሰኞ አያበድርም። ሰኞና ማክሰኞ 25፣ ረቡዕ 30፣ ሐሙስ 55፣ ዓርብ 110፣ ቅዳሜ 170 ሰው ቢመጣ፣ ለአዲስ ቤት ደህና የሚባል ሳምንት ነው፤ ድምሩ ግን 415 ነው፣ በወር ወደ 1,800 ሰው። ይህ 1 ሚሊዮን ብር ያህል ያስገባል፤ በየወሩ 200,000 ብር ይጎድላል። በዚያ ላይ 25 ሰው ባለበት አዳራሽ መግቢያ 200 ብር የሚከፍል ሰው ማግኘት እንደማይቻል ያውቃሉ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ መግቢያውን ነፃ ካደረጉት ጉድለቱ ተጨማሪ 100,000 ብር ያድጋል። ሰኞ ማታ ዘጠኝ አርቲስት መድረክ ላይ አቁሞ ለ25 ሰው መጫወት ገንዘብ ብቻ አያባክንም፤ ባንዱን ያሰለቸዋል፣ የገባውም እንግዳ ጠረጴዛው ሁሉ ባዶ ሆኖ ሲያይ ሁለተኛ ጃምቦ ሳያዝዝ ይወጣል።

የያዝኳቸው የሰው ቁጥሮች ግምቶች ስለሆኑ፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት በትክክለኛ ቆጠራ ሊተኳቸው ይገባል። ቆጠራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እርስዎ ካሰቡት ጋር የሚመሳሰሉ ሦስት ቤቶችን ይምረጡና በተለያዩ የሳምንቱ ቀናት ገብተው ከምሽቱ 3 ሰዓትና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በወንበር ላይ ያለውን ሰው ይቁጠሩ። በየጠረጴዛው ስንት ጠርሙስ እንዳለ፣ ስንት ሰው ምግብ እንዳዘዘና ስንቱ በአንድ ቢራ ምሽቱን እንዳሳለፈ ይመዝግቡ። ወር ሲብት፣ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን ብቻ ከቆጠሩ ራስዎን ያታልላሉ፤ ከወሩ 20 በኋላም ሊያዩት ይገባል። ቆጠራዎን የሚያመሳክሩበት ሌላ መንገድም አለ። የቢራ አከፋፋዩ ለየትኛው ቤት በሳምንት ስንት ሳጥን እንደሚያራግፍ ያውቃል፤ እሱ ባይነግርዎት እንኳ መኪናው በሚመጣበት ቀን ባዶ ሳጥኑን ማየት ይቻላል። አንድ ቤት በሳምንት 40 ሳጥን የሚቀይር ከሆነ 960 ጠርሙስ ነው፤ አንድ ሰው በአማካይ ሦስት ጠርሙስ ቢጠጣ 320 ቢራ ጠጪ ማለት ነው፤ ድራፍትና ለስላሳ ደግሞ ለብቻ ይደመራል። ባለቤቱ «ሁልጊዜ ሙሉ ነው» ቢልዎትም ሳጥኑ አይዋሽም።

አሁን ወደ ከተማው ልምጣ፤ ምክንያቱም አዳማ እንደ ሌላው የክልል ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ መሆኗና የፍጥነት መንገዱ መኖሩ ለአንድ ሙዚቃ ቤት ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያደርጋል። በአንድ በኩል ከአዲስ አበባ የሚጋበዝ ድምፃዊ ማታ ተጫውቶ ሌሊቱን መመለስ ስለሚችል፣ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ሐዋሳ ላይ የሚሠራ ሰው የሚያወጣውን የአልጋና የተጨማሪ ቀን ክፍያ እርስዎ አያወጡም። በሌላ በኩል መኪናና ገንዘብ ያለው የአዳማ ነዋሪ የሚወደውን ድምፃዊ አዲስ አበባ ሄዶ ለማየት የሚከለክለው ነገር የለም፤ ስለዚህ በየቅዳሜው በውድ ዋጋ የሚያመጡት እንግዳ ድምፃዊ፣ በቂ ገንዘብ ላለው እንግዳዎ ብርቅ ላይሆን ይችላል። በእኔ ግምት ቅዳሜ ያለ እንግዳ ድምፃዊም ሰው ይኖረዋል፤ እንግዳ ድምፃዊ በወር ከሁለት ጊዜ በላይ መጋበዝ ገንዘብን ለሙዚቀኛ ብቻ ማስተላለፍ ነው።

የከተማውን ሕዝብ ብዛት በገበያ መጠን መልክ መውሰድም ስህተት ነው። ከነዋሪው ውስጥ በሃይማኖቱ ምክንያት መጠጥ ቤት የማይገባው ጥቂት አይደለም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ ከተማሪው ትልቅ ክፍል በሕግ የእርስዎ የመጠጥ ደንበኛ ሊሆን አይችልም፤ የቀረውም ኪሱ ሳሳ ያለ ነው። በጅቡቲው መንገድ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌር አዳማ ላይ ያድራል፣ ይበላል፤ ነገር ግን ሌሊቱን የሚፈልገው ለእንቅልፍ ነው። ቅዳሜና እሁድን ሶደሬና አዳማ ለማሳለፍ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቤተሰብና የጓደኛ ቡድን ጥሩ ደንበኛ ነው፤ ግን እሱም የሚመጣው ያለ እሱም ሊሞላ በሚችለው ምሽት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው የስብሰባ እንግዳ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የማኅበራትና የፕሮጀክቶች ሥልጠናና ስብሰባ በአዳማ ሆቴሎች መካሄዱ የከተማዋ ትልቅ የገቢ ምንጭ ነው፤ ተሰብሳቢው ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ያድራል። አበል በኪሱ አለ፣ ቤተሰቡ አጠገቡ የለም፣ ማታ የሚሄድበትን ይፈልጋል። በባዶነታቸው ያስጨነቁን ማክሰኞና ረቡዕ ለእሱ የሥራ ጉዞው መካከለኛ ምሽቶች ናቸው። ሆኖም ይህ ሰው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ አይመጣም፤ የት እንደሚሄድ የሚነግረው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ስብሰባውን ያዘጋጀው ክፍል ራሱ የቡድን እራት ያዝዝለታል። ስለዚህ የሳምንቱን መካከለኛ ቀናት በር ከፍቶ መጠበቅ ትተው፣ አስቀድሞ በተከፈለ የቡድን እራት ብቻ ይሽጧቸው። ስልሳ ሰው እራት ሊበላ ሲመጣ ያን ዕለት ይከፍታሉ፤ ትዕዛዝ ከሌለ ይዘጋሉ። ለእንዲህ ያለው እራት ሙሉ ባንድ አያስፈልግም። አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ድምፃዊ፣ ወይም ማሲንቆውን ይዞ በእንግዶቹ ስም የሚያዜም አንድ አዝማሪ ይበቃል፤ እንዲያውም ከአዋሽ እስከ ጅማ ተሰብስቦ የመጣ የሠራተኛ ቡድን ከባንዱ ይልቅ አለቃውን በግጥም የሚወጋለትን አዝማሪ የሚወድ ይመስለኛል። ኦሮምኛ የሚዘፍን ድምፃዊ ከሌለዎት ግን በዚህ ከተማ ግማሽ ያህል እንግዳዎን ችላ እንዳሉ ይቁጠሩት።

በዚህ መሠረት ዕቅዱን እንደገና እናስላው። ባንዱ አምስት ሰው ሆኖ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ይጫወት፤ በምሽት 15,000 ብር ቢከፈለው ለ13 ምሽት 195,000 ብር ነው። ኪራዩ ያው 180,000፤ ሠራተኛ 120,000፤ መብራትና ናፍጣ 35,000፤ ጥገና 45,000፤ ልዩ ልዩ 40,000፤ ሁለት እንግዳ ድምፃውያን 130,000፤ ድምሩ 745,000 ብር። በሳምንት 335፣ በወር 1,450 ሰው ገደማ ቢመጣ 806,000 ብር ያስገኛል፤ በወር 61,000፣ በዓመት 732,000 ብር ይተርፋል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ጾሙ ይቀነሳል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሙዚቃ ቤት ገቢን በግማሽ ቢቀንሱት፣ በጊዜው የሚጠፋው ገቢ 725,000 ብር ገደማ ነው፤ የዓመቱን ትርፍ ጠቅልሎ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ባንዱንና እንግዳ ድምፃውያኑን ካቆሙ 585,000 ብር ወጪ ስለሚቀርልዎት የተጣራው ጉዳት ወደ 140,000 ብር ይወርዳል፤ በዓመት የሚቀርዎትም 592,000 ብር ነው። ይህ እንዲሆን ግን የባንዱ ውል በጾም ወራት ክፍያ እንደማይኖር ከመጀመሪያው ሊጽፍ ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ከዐቢይ ጾም ጋር ያለው ግንኙነት ይለዋወጣል፤ በ2018 ዓ.ም. ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለጀመሩ ቀዝቃዛው ጊዜ በአንድ ላይ አልፏል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ሲለያዩ ግን የተቀዛቀዘው ጊዜ ይረዝማል። ፍልሰታ ደግሞ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ስለሚገጥም የነሐሴን የመጀመሪያ አጋማሽ ሲያሰሉ እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉ።

ለግንባታ፣ ለድምፅ መሣሪያ፣ ለጄኔሬተርና ለወጥ ቤት የሚወጣው ገንዘብ በአምስት ዓመት ይመለስ ብለን ብንይዝ፣ ወጪው 4.2 ሚሊዮን ብር ከሆነ (ይህን ጣሪያ ያደረግሁበትን ምክንያት ወደ ታች አስረዳለሁ) በዓመት 840,000 ብር ይፈልጋል። 592,000 ብሩ ይህን አይሸፍንም፤ 248,000 ብር ይጎድላል። ጉድለቱን ሞልቶ የሚያልፈው የስብሰባ እራቱ ነው። በወር ስድስት ቡድን፣ በቡድን 60 ሰው፣ ከሰው 350 ብር የተጣራ ቢገኝ በወር 126,000 ብር ነው፤ በዓመት አሥር ወር ቢሠራ 1.26 ሚሊዮን ብር። ያኔ በዓመት 1,012,000 ብር ይተርፋል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መሥርተው ከሆነ 30 ከመቶ የንግድ ትርፍ ግብር ተከፍሎ ወደ 708,000 ብር ይቀራል። ይህ ለ7 ሚሊዮን ብር አሥር ከመቶ ያህል ነው። ገንዘቡ በባንክ ቁጠባ በ7 ከመቶ ወለድ ቢቀመጥ 490,000 ብር ያስገኝ ነበር፤ ቡድኖቹ በወር ሦስት ብቻ ቢሆኑ ደግሞ የእርስዎ ትርፍ ከግብር በኋላ 267,000 ብር ብቻ ይሆንና ከወለዱም ያንሳል። ካፒታሉ በየዓመቱ እየተመለሰ የሚሄድ ስለሆነ ንጽጽሩ ፍጹም እኩል አይደለም፤ የዋጋ ንረቱም ወለዱን እንደሚበላው ይገባኛል። ቢሆንም ሦስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያገኘው ትርፍ ይህ ከሆነ ብዙ አይደለም፤ ቤተሰብዎ «አትግባበት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የራስዎን ደመወዝ እስካሁን አልቆጠርኩም።

ስለዚህ ለእኔ ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው፦ አምስት ወይም ስድስት ሆቴሎችና ስብሰባ አዘጋጆች በጽሑፍ ባይሆን እንኳ በስልክ «አዎ፣ እንልካለን» ይሉዎታል ወይ? ባንድ ከመፈለግዎ፣ መብራት ከመምረጥዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። ሆቴሉ የራሱ አዳራሽና እራት ስላለው እንግዳውን አሳልፎ ለመስጠት ያመነታል፤ ምግቡን ሆቴሉ አቅርቦ መጠጡንና ሙዚቃውን እርስዎ የሚያቀርቡበት አሠራር ያስማማችሁ እንደሆነ ይሞክሩ። ይህ ካልተገኘ ግን ኪራዩ ወደ 120,000 ብር ካልወረደ በስተቀር እንዲገቡበት አልመክርም።

ስለ ሕንፃው ጥቂት ልበል። በመኖሪያ ሠፈር የሚፈቀደው ከፍተኛ የሌሊት ድምፅ በአካባቢ ጥበቃ መመዘኛ 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ)፣ በንግድ አካባቢ 55 ዴሲቤል ነው። ድራም ያለው ባንድ በአዳራሽ ውስጥ 100 ዴሲቤል መድረስ አይከብደውም። በሁለቱም ወገን የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ከዚህ 45 ዴሲቤል ያህሉን ሊያስቀር ይችላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ግን ከ20 እስከ 25 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚያስቀረው፣ የቤዙን ድምፅማ ጭራሽ አያግደውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ድምፁ የሚወጣው በጣሪያውና በበሩ ነው፤ ባለንብረቱ «ግድግዳው ወፍራም ነው» ቢሉ አይረኩ። አዳማ ሞቃት ስለሆነች ድምፅ እንዳይወጣ የዘጉት አዳራሽ አየር ይቸግረዋል፤ ድምፅን ሳያወጣ አየር የሚያስገባ መተላለፊያ ማሠራት ከመድረክ መብራቱ ይቀድማል። ከመፈረምዎ በፊት ትልቅ ድምፅ ማጉያ በኪራይ አምጥተው አንድ ምሽት ያስጩኹና ጎረቤት ግቢ አጥር አጠገብ ቆመው ያዳምጡ፤ ከጎረቤት የሚመጣ ክስ ቤት ከተሠራ በኋላ ከሆነ መፍትሔው በጣም ውድ ነው። አዳራሹ ለ250 ሰው ሰፊ ነው ብለው ሁሉንም አይክፈቱት፤ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው በሐሙስ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 55 ሰው ብዙ ይመስላል።

የኤሌክትሪክ መስመሩን ከፈቃድ ባለው ባለሙያ ሳያስመረምሩ አይግቡ፤ መድንም ይግቡለት። በጥር 2007 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ወድሟል። የቦታው ዋስትናም ሌላ ነገር ነው። ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤትን የመሰለ ስም ያለው ቤት እንኳ ከቦታው ተነሥቷል፤ የኮሪደር ልማቱ አዳማንም ስለደረሰ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ አዳራሽ ነገ ምን እንደሚሆን ከክፍለ ከተማው ሳያጣሩ የ1,080,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ አይስጡ። ሕንፃው በልማት ምክንያት ቢነሣ ያልተጠቀሙበት ኪራይ በስንት ቀን እንደሚመለስ በውሉ ይጻፍ።

የድምፅ መሣሪያ ላይ ብዙ አልልም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሚክሰርም ሆነ ድምፅ ማጉያ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መሣሪያ ያለው ባንድ መቅጠር ወይም መከራየት ይሻላል። የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰርነት ላይ የተመሠረተ ገቢም ዕቅድዎ ውስጥ አያስገቡ፤ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን በብሮድካስትና በመንገድ ዳር ሰሌዳ ስለከለከለ ፋብሪካዎቹ ለመድረክ የሚያወጡት ገንዘብ እንደ ቀድሞው አይደለም። ያው አዋጅ ሕዝብ በሚገባበት ቤት ውስጥ ማጨስንም ስለሚከለክል የሚያጨስ እንግዳ የሚወጣበት ግቢ ያስቡ፤ ይህ ግቢ ደግሞ ድምፅ የሚወጣበት በር እንዳይሆን። የሰው ዜማና ግጥም በንግድ ቤት ሲጫወቱ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው 872/2007 የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባንዱ የሚጫወተው አብዛኛው የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ ክፍያው አንድ ቀን መምጣቱ ስለማይቀር በልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ይታሰብ።

ባንዱን ለመዋዋል የሚመረጠው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። በዚያን ጊዜ ሙዚቀኛው ሥራ ስለሚፈታ ዋጋው ይወርዳል፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ግን የሠርግ ወቅት ስለሆነ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች በአንድ ሠርግ የእርስዎን የሳምንት ክፍያ ያገኛል፣ እናም ዓርብ ማታ «ታምሜያለሁ» ብሎ ስልክ ይደውላል። ውሉ ላይ ተተኪ ሙዚቀኛ የማቅረብ ግዴታ የባንዱ መሪ እንዲሆን፣ ቀብዱም ከአንድ ሳምንት ክፍያ እንዳይበልጥ፣ እንግዳ በግንባር ላይ የሚለጥፈው ሽልማት የማን እንደሆነ ግልጽ እንዲሆን ያድርጉ። ሽልማቱ ለአርቲስቱ ቢተው ለእርስዎ ኪሳራ የለውም፤ ሽልማት ስላለ ክፍያውን ዝቅ አድርጎ መደራደር የተለመደ ነው።

አሁን ስለ 7 ሚሊዮኑ። የስድስት ወር ኪራይ 1,080,000 ብር ሲወጣ 5.92 ሚሊዮን ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ኪራዩን ሳይጨምር የሦስት ወር ቋሚ ወጪ፣ ማለትም 1.7 ሚሊዮን ብር ያህል፣ በባንክ መቀመጥ አለበት፤ የቀረው 4.2 ሚሊዮን ብር የግንባታና የመሣሪያ ጣሪያዎ ነው። ሥራ ተቋራጩ ከዚህ በላይ ካመጣ፣ የሚቀነሰው ማስዋቡ እንጂ መጠባበቂያው አይደለም።

ለመክፈቻ የምመርጠው የዳግማ ትንሣኤን ሳምንት ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾሙባቸው ስለሆኑ ለአዲስ ቤት ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ሠርጉ ሙዚቀኛውን ቢሻማዎትም ውልዎን በጾሙ ስለፈረሙ ዋጋው አይጨምርብዎትም። ከዚያ ሰኔ ሲገባ የጀመሩትን ቆጠራ አይተዉት፤ በየምሽቱ በር ላይ የገባው ሰው ከገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ጋር ይመሳከር። የሐሙሱ ቁጥር ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ከ40 በታች ከሆነ ሐሙስን ለቡድን እራት ይልቀቁትና ባንዱን ሁለት ምሽት ያድርጉት፤ ባንዱም በዚሁ ሁኔታ ላይ አስቀድሞ ይፈርም።